ሰሚ ስሊክ በጀፎረ ላይ

መስከረም ሲጠባ መርካቶ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉራጌ ይበዛል፤ ቅቤ የሚያማርጥና ጎማ የሚያማርጥ። ቅቤ የሚያማርጠውን ማንም አይመክረውም። ያሸታል፣ በጣቱ ቆንጥሮ ይቀምሳል፣ «ይኼማ የእኛ አገር ቅቤ አይደለም» ብሎ ዋጋ ያስወርዳል፣ ይገዛል። ጎማ የሚያማርጠውን ግን አገር ይመክረዋል። ጎሚስታው ይመክረዋል፤ ሻይ የሚያዞረው ልጅ ይመክረዋል፤ መኪና ኖሮት የማያውቅ ተሸካሚ እንኳ ሸክሙን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «ይኼ አገር ቤት አያደርስህም» ብሎ ሸክሙን አንስቶ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከጎማ አማራጮቹ ወገን ነበር። ልጁ መርካቶ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ያከፋፍላል፤ አንደበቱ ቁጥብ፣ ሒሳቡ ንጹሕ፣ ከሰው ተግባቢ ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ ዲኤክስ ኮሮላ አለው። ዲኤክስ ማለት እንግዲህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ግድም ከጃፓን የወጣ፣ በኋላ እግሩ የሚገፋ፣ ዕድሜው ከባለቤቱ የሚበልጥ መኪና ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይሄኔ ወይ ሙዚየም ገብቷል ወይ ቀልጦ ምስማር ሆኗል። እኛ ዘንድ ግን በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ ዲኤክስ ሆዬ ሞቱ ተሰረዘለት። ሞቱ የተሰረዘለት ደግሞ ማጌጥ ያምረዋል።

አጊጧልም። ሞላው ተቆርጦ ሆዱ ከመሬት ሊሳሳም ደርሷል። ከፓራውልቱ ሥር ተጨማሪ ከንፈር ተለጥፎለታል። ማርሚታው ስለተቀየረ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ሰፈሩም አብሮ ይነሳል። 13 ቁጥሩ የብረት ቸርኬ ወርዶ 15 ቁጥር የሚያብለጨልጭ ገብቶለታል። የቀረው ጎማው ነበር፤ እኔ ዘንድ የመጣውም ለዚሁ ነው። በወጣትነቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ስለሠራሁ ቤተሰቡ ውስጥ ጎማ የሚባል ነገር ከተነሳ ፍርዱ የእኔ ነው። ጋብቻና መሬት ሲነሳ ግን ማንም አይጠራኝም።

«ጋሼ፣ ስትሪት ላስገባ ሰሚ ስሊክ?»

«ለምን መንገድ?»

«ለመስቀል።»

መንገድ ብጠይቀው በዓል መለሰልኝ። ያን ጊዜ ነገሩ የጎማ ጉዳይ እንዳልሆነ መረዳት ነበረበት፤ እኔ ተረድቼዋለሁ፤ እሱ ግን አሁንም የጎማ ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል።

ስትሪት የሚሉት ያው ሁላችንም የምናውቀው ጎማ ነው፤ ጥርሱ ጥልቅ፣ ዙሪያውን ቦይ የተቀደደለት፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን በቦዩ እየሸኘ አስፋልቱን የሚይዝ። አዲሱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ይዞ ነው የሚወጣው። ሰሚ ስሊክ ግን ለውድድር ሜዳ ታስቦ የተሠራ፣ መንገድ ላይ መውጣት እንዲፈቀድለት ለሕጉ ያህል ጥቂት ቦይ የተጫረለት ነው። ትከሻው ልሙጥ ነው። ላስቲኩ ከመለስለሱ የተነሳ የአውራ ጣት ጥፍር ቢጫኑበት ምልክቱ ይቀራል። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲሞቅ መሬቱን ይዞ አይለቅም፤ ፍሬን ሲያዝ በአጭር ርቀት ይቆማል፤ ኩርባ ላይ ሌላው ጎማ ሲጮህ እሱ ዝም ብሎ ይዞራል። ይኼን ሐቅ ለልጁ ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ከነገርኩት ሁሉ የሰማውም ይኼንኑ ብቻ ነው።

ያልሰማው «ሲሞቅ» ያልኩትን ነው። ሰሚ ስሊክ ማለት ቆጮ ነው። ትኩሱ ከምጣድ እንደወረደ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ክትፎውን እቅፍ አድርጎ ይይዛል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ጥርስ ያለው ይታገለው። ውድድር ሜዳ ላይ ጥቂት ዙር በሩጫ ሲዞር ይሞቃል። ከመርካቶ ተነስቶ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርጎ የመስቀል ሰሞን ሰልፍ ውስጥ እየተጎተተ ሲሄድ ግን የሚሞቀው የሾፌሩ ራስ እንጂ ጎማው አይደለም።

አብረን ሶማሌ ተራ ወረድን። ሻጩ አራት ሰሚ ስሊክ ከጓዳው እያንከባለለ አወጣና «ከዱባይ ውድድር ሜዳ የወረደ ነው፤ ዜሮ በለው» አለ። ከውድድር ሜዳ የወረደ ነገር እንዴት ዜሮ እንደሚሆን አልገባኝም። ነገር ግን ሻጭን ገና ሲጀምር የሚያቋርጥ ሰው ዋጋ አይቀነስለትም፤ ዝም ብዬ ጎንበስ አልኩ።

የጎማ የሕይወት ታሪክ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፍቶ ነው እንጂ። 195/50 አር 15 ይላል። 195 ወርዱ በሚሊ ሜትር ነው። 50 የጎኑ ቁመት የወርዱ ግማሽ መሆኑን ይናገራል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ፋብሪካው ለዲኤክስ የሰጠው 13 ቁጥር ጎማ ጎኑ ከዚህ ከፍ ያለ ስለነበር ጉድጓድ ሲመጣ ራሱ ይችለው ነበር፤ ይኼኛው ጉድጓዱን በቀጥታ ለቸርኬው ያስረክባል። ቀጥሎ 82 ቪ የሚል አለ። 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ እንደሚሸከም፣ «ቪ» ደግሞ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር እንደሚፈቀድለት ያመለክታል። ዲኤክሱ 100 ሲገባ ዳሽቦርዱ ጸሎት ይጀምራል፤ የቀሩት 140 ለማን እንደሚገዙ ሻጩም አላብራራም።

ከሁሉም በላይ የምፈልገው ግን ሌላ ቁጥር ነበር። ከጎኑ በአንደኛው በኩል፣ ሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት አሃዝ ይታተማል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይነግራሉ። አቧራውን በምራቄ ጠርጌ አነበብኩት፤ 3517። በ2017፣ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ።

«ይኼ እኮ አርጅቷል» አልኩት።

«ጋሼ፣ አልተነዳም እኮ! ተኝቶ ነው የኖረው።»

ቅድም ዱባይ ሲወዳደር የነበረው ጎማ አሁን ተኝቶ የኖረ ሆነ። ተኝቶ የኖረም ቢሆን ያረጃል፤ ላስቲክ ከአየርና ከፀሐይ ጋር እየዋለ ይደርቃል፤ አምራቾቹ ራሳቸው አሥር ዓመት የሞላውን ጥርሱ ቢኖርም ጣሉት ይላሉ። ደግሞ ትሬድዌር የሚባል አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ይከርማል፤ ዝቅ ሲል መሬቱን አጥብቆ ይይዝና ቶሎ ይሰናበታል። ሰሚ ስሊክ 100፣ ቢበዛ 200 ግድም ነው፤ የመንገዱ ጎማ 400 እና ከዚያም በላይ ይላል። አንዱ ስትሪት እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ሰሚ ስሊክ ይቀበራል። «ነጋዴ ነህ፤ አስላው» አልኩት። አሰላ። አስልቶም ሰሚ ስሊኩን ወደደ። ሒሳቡ ንጹሕ ነው ያልኩት ለፕላስቲክ ዕቃው ነው።

ሻጩ መሸነፌን ሲያይ ልቡ ሞቅ አለው። «ጋሼ ደግሞ ምን ያካብዳሉ! የከተማው ሚኒባስ ሁሉ ስሊክ ላይ አይደል የሚሄደው?»

ክርክሩ ብልሃት አለው፤ ግማሹም እውነት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከአዲሱ እምብዛም አያንስም፤ ቦዩ ሲቀንስ መሬት የሚነካው ላስቲክ ይበዛልና። የሚኒባስ ሾፌር በጋውን በልበ ሙሉነት ነድቶ ሐምሌ ሲገባ «መንገዱ ተበላሸ» የሚለው ለዚህ ነው። ሆኖም ያለቀ ስትሪት ሰሚ ስሊክ አይሆንም። የሰሚ ስሊክ ጉልበቱ ልሙጥነቱ ሳይሆን ላስቲኩ ነው፤ ያለቀው ጎማ ጥርሱም አልቆ ላስቲኩም ደርቆ ጡረታውን ነው የሚጠብቀው። አውሮፓ ውስጥ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር የወረደ ጎማ መንገድ አይወጣም። እኛ ቦሎ ሲደርስ ከጎረቤት ጎማ ተውሰን እንመረመርና ማታውኑ እንመልሳለን፤ መረዳዳት ባህላችን ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ዓይነት ክርክር ለቤታችን አዲስ አይደለም። ወደ ቤተሰባችን የገባው የመጀመሪያ ጎማ በእግር የሚጠለቅ ነበር፤ የአባቴ በረባሶ። አባቴ ከእምድብር አዲስ አበባ በእግሩ ከመጡት ሰዎች ነው። በረባሶ ሲገዛ ምናለሽ ተራ ቁጭ ብሎ ከየትኛው ጎማ እንደተቆረጠ ሳያይ ሒሳብ አይከፍልም ነበር። በዚያ ዘመን የከተማ ቄንጠኞች ልሙጡን ይመርጡ ነበር፤ ጭቃ አይዝም፣ ሲራመዱበት አይንኳኳም። አባቴ ግን የጭነት መኪና ጎማ፣ ያውም ጥርሱ ገና ያልሞተ፣ ካልሆነ አሻፈረኝ። ጓደኞቹ ሲስቁበት «መርካቶ ላይማ በባዶ እግሬም አልወድቅም፤ የእኔ ሐሳብ እምድብር መግባቱ ላይ ነው» ይላቸው ነበር። ትሬድዌር ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን የጎማ ምክር ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል። የልጅ ልጁ ይኼን ታሪክ ስነግረው «እሱ እኮ ጋሼ ጫማ ነው» አለኝ።

መንገዱ ራሱ የመጣው በእነዚያ ባለ በረባሶዎች ኪስ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከሊስትሮው እስከ ባለ ሱቁ ገንዘብ አዋጥተው፣ አገራቸው መኪና እንዲገባ መንገድ ማስቀደድ ጀመሩ። አባቴም አዋጥቷል። መንገዱ ሲደርስ መኪና ግን አልነበረውም፤ ባዋጣበት መንገድ ዳር ዳሩን በበረባሶው ሄደበት። ስለዚህ ዲኤክሱ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ቢያንስ በቅጡ እንዲያልፍ ብመኝ አይፈረድብኝም።

አሁን ስለ ውኃ ላውራ፤ ልጁን በመጨረሻ ያስደነገጠው እሱ ነውና። ከሰበታ ወጥተን ተፍኪን ስናልፍ የበቾ ሜዳ ይጀምራል፤ ጥቁር አፈር፣ ሜዳው ሁሉ ጤፍ፣ ክረምት ሙሉ ውኃ ያቆረ። መስከረም ላይ ዝናቡ ወጣ ገባ ማለት ቢጀምርም ከመንገዱ ዳር የሞላው ውኃ ወደ አስፋልቱ እየመጣ በስሱ ይተኛል። መኪናህ መሬቱን የሚነካው በአራት መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ያቺ መዳፍ ሥር የገባው ውኃ መውጫ ቦይ ካጣ ጎማውን ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ መሪው ለጌጥ ነው፣ ፍሬኑም ለጌጥ ነው። ይኼን ነገር ናሳ ሳይቀር ለአውሮፕላን ጎማ ብሎ አጥንቶታል፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ባወጡት ስሌት፣ ውኃው ከጥርሱ ጥልቀት በላይ ከሆነና የጎማው ነፋስ 30 ከሆነ፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ጎማው መሬቱን ለቆ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ጥርሱ ጥልቅ ለሆነው ጎማ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል። ቦዩ ለይስሙላ ለተጫረለት ሰሚ ስሊክ ግን ስሷ ትበቃዋለች።

«90 ላይ?» አለ ልጁ።

«90 ላይ።»

«እኔ እኮ እዚያ ሜዳ ላይ 90 ነው የምነዳው።»

ጭቃ የሚያውቁ ሰዎች በዚህ አይከራከሩም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሳፋሪ ራሊ ከ1953 (የፈረንጁ ነው) ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በፋሲካ ሰሞን ዝናብ ሲካሄድ ኖሯል፤ የዓለም ስመ ጥር ሾፌሮች የመጡበት ውድድር ነው፤ እዚያ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ልሙጥ ጎማ አስገብቶ የገባ ቢኖር ኖሮ እስካሁን አልወጣም ነበር።

ልጁ ዋለ አደረና አንድ መላ ዘየደ፤ ሁለቱን ሰሚ ስሊክ ከኋላ፣ ሁለቱን ስትሪት ከፊት። «ሁለቱንም አስደሰትኩ» አለኝ፤ ማንን ማንን እንደሆነ ባይገባኝም። ይኼ ከሁሉም የከፋው ነው። በኋላ እግሩ የሚገፋ መኪና፣ ዝናብ ላይ፣ ከኋላ ልሙጥ ከፊት ጥርሳም ከሆነ፣ ፊቱ መንገዱን ይዞ ሲዞር ጭራው ቀድሞት መምጣት ያምረዋል። እህቴ ይኼን ከበር ቆማ ሰምታ ኖሮ «ልጄ በዚህ ጎማ አይሄድም፤ ቢሄድም እኔን ሬሳዬን ይዞ ይሂድ» አለች። የቴክኒክ ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

ስምምነቱ ይኼ ሆነ፤ ዲኤክሱ በድሮው 13 ቁጥር የብረት ቸርኬ፣ በአዲስ ስትሪት ጎማ ይጓዛል። የሚያብለጨልጩት ቸርኬዎች ሰሚ ስሊካቸውን እንደለበሱ ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰራሉ። እምድብር ሲደርስ ይቀየራሉ። ይኼን ሐሳብ ያመጣው ልጁ ነው፤ እኔ ሳላስበው ዝም በማለቴ ተስማምተሃል ተባልኩ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ስኳር፣ ቡና፣ ለእናቴ ጋቢና ጃንጥላ ተጫነ፤ ከላይ አራት ጎማ። ከሩቅ ላየን የስደተኛ ጎሚስታ እንመስላለን።

ጉዞው ያለ ወሬ ተጠናቀቀ፤ ጥሩ ጎማ ወሬ የለውም። ቱሉ ቦሎና ወሊሶን ዝናብ ላይ አለፍን፤ ወልቂጤ ስንደርስ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዘን ነበር፤ ጉብሬ ላይ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ታክከን ወደ እምድብር ሽቅብ አልን። በመንገዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና እርስ በርሱ ይተያያል። በሬ የጫነ አይሱዙ አለ፤ ሙሉ ቤተሰብ ያጨቀ ቪትዝ አለ። ጎማ የጫነ ግን እኛ ብቻ ነበርን።

እምድብር መግቢያ ላይ ያለው ጎሚስታ የቸኮለ ሰው አይደለም። ክሪኩን አስገብቶ፣ መኪናውን አንስቶ፣ አንዱን ሰሚ ስሊክ ከጣሪያ አወረደና በእጁ ዳበሰው። ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው። ገልብጦ በሌላው በኩል አየ።

«ጥርሱ የት ሄደ?»

«እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ ልጁ።

«ከፍለህ ነው የገዛኸው?»

ልጁ ዋጋውን ነገረው። ጎሚስታው ጎማውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠው። እኔ ዘንድ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀይሮ ሲጨርስ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። የወረዱትን 13 ቁጥሮች ልጁ ወደ ጣሪያ ሲጭን አዩ። በመስቀል ከመኪና ጣሪያ የሚወርድ ነገር ሁሉ ስጦታ ነውና «ልጄ፣ እነዚህን ደግሞ ለማን አመጣህ?» አሉት። የሚለው ጠፋው። «በረባሶ እኮ አሁን የሚያደርግ የለም» አሉና አዝነውለት ሄዱ።

ጀፎረን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የጉራጌ መንደር መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት። ሰርግ እዚያ ነው፤ ለቅሶ እዚያ ነው፤ ፈረስ ይጋለብበታል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ከብት ሣሩን ስለሚግጠው ሁልጊዜ የተላጨ ይመስላል። ማንም ተነስቶ አጥሩን አንድ ክንድ ልግፋበት ቢል ቂጫ የሚባለው የባህል ሕግ አለ፤ ጀፎረ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ብዙ የከተማ ፕላን ያወጡ ሰዎች ይኼን ቢያዩ ያፍሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። መስከረም ላይ ደግሞ ሣሩ ለምለም ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ገና አልጨረሰም።

ዲኤክሱ በዚህ ጀፎረ ላይ፣ ከእናቴ ደጅ ፊት ለፊት፣ በሙሉ ክብሩ ቆመ። ልጆች መጥተው ፊታቸውን በቸርኬው አዩበት። ወጣቶች ዞሩት። የጎመን ክትፎው ተበላ፣ ደመራው ተለኮሰ፣ በሬው ታረደ፤ መኪናው ሲደነቅ ሰነበተ። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ ልሙጥ ጥቁር ጎማ ከሚያብለጨልጭ ቸርኬ ጋር አረንጓዴ ሣር ላይ ሲታይ ያምራል። ሰሚ ስሊክ ቆሞ ሲታይ አንድም እንከን የለበትም።

ችግሩ የመጣው መንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ከመስቀሉ በኋላ ልጁ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ እምድብር ገበያ ሊወርድ ተነሳ፤ መስቀል የማን ልጅ የማንን ልጅ ያገባል የሚባልበት ሰሞን ስለሆነ ገበያ መውረድ ገበያ መውረድ ብቻ አይደለም። ጀፎረው ላይ የሰው ዓይን ሞልቷል፤ ከምንጭ የሚመለሱ ልጃገረዶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል። ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሚታው ሸለለ፤ ዶሮዎች ተበተኑ። ፍሪሲዮን ለቀቀ። የኋላ ጎማዎቹ በፍጥነት ዞሩ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ነዳጅ ጨመረ። ጎማዎቹ የበለጠ ዞሩ። ጥቁር ጭቃ ከኋላ እየተፈናጠረ ሊገፉ የመጡትን ወጣቶች ነጭ ልብስ አዳረሰው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ሞተሩ እያገሳ፣ አንድ ስንዝር ሳይሄድ ቁልቁል ብቻ እየሰጠመ ነበር። አንዷ ልጅ እንስራዋን አስተካክላ «የት ሊሄድ ነው?» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ «ሄዶ ጨርሷል መሰለኝ» አለቻት።

አወጡት፤ በሰው ጉልበት ተሸክመውት ማለት ይቻላል። ከሥሩ የቀረው ግን ሁለት ጉድጓድ፣ ሣሩ ከነሥሩ የተነቀለ፣ ጀፎረው መሐል። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተነስተው መጥተው ዙሪያውን ቆሙ። እኒያ በረባሶ መቅረቱን የነገሩት ሽማግሌም ነበሩ።

«ይኼን ያደረገው መኪናው ነው ጎማው?» አሉ።

«ጎማው ነው» አልኩ፤ ልጁን ለማዳን።

«ጎማው ጥርስ የለውም ብለውኝ አልነበር? ጥርስ የሌለው ይኼን ካደረገ፣ ጥርስ ያለውማ ቢመጣ ምን ሊያደርገን ነው?»

በዚህ ላይ ሲመከር ቆየ። ጥርስ ያለው ጎማ ሣሩን ይዞ ስለሚሄድ ብዙ እንደማይቆፍር ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የረዳትነት ዘመኔን ጠቀስኩ፤ አልሰሙኝም። ፍርዱ ሣሩን መልሶ መትከል፣ ጉድጓዱን መሙላት፣ ለገፉት ወጣቶች ደግሞ አንድ ክትፎ ሆነ። ልጁ በነጭ ሸሚዙ ተንበርክኮ ሣር ሲተክል ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ አየው። ለመታየት ከሆነ የመጣው፣ ታየ።

በማግስቱ ጎሚስታው ዘንድ ወርደን 13 ቁጥሮቹን መልሶ አስገባልን። ሰሚ ስሊኮቹን እንደገና ወደ ጣሪያ ልንጭን ስንል ከለከለን።

«ምን ታመላልሷቸዋላችሁ? እዚሁ ይክረሙ።»

ወደ ጓዳው አስገባንና አምፖሉን አበራ። ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ጎማ ተደርድሯል፤ ወርደ ሰፊው፣ ጎነ አጭሩ፣ ልሙጡ፣ ቀይ መስመር የተሰመረበት፣ ሁሉም አራት አራት ሆኖ በገመድ ታስሯል። በእያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ የሰው ስም ተጽፎበታል፤ ከስሙ ሥር «መርካቶ»፣ «ኮልፌ»፣ «ሳሪስ»። የመስቀል ጎማ ናቸው አለን። ባለቤቶቹ በስትሪት ይመጣሉ፣ እዚህ ይቀይራሉ፣ በዓሉን ያሳልፋሉ፣ መልሰው እዚህ ያስቀምጣሉ። ኪራዩን በዓመት ነው የሚያስከፍለው። እሱ ራሱ የሚሄድበት ሞተር ብስክሌት ደጅ ቆሟል፤ ጎማው ጥልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ነው።

ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠና እስክሪብቶ አነሳ።

«በማን ስም ልጻፈው?»

ልጁ ስሙን ነገረው። ጎሚስታው ጻፈ፣ ለጠፈ፣ አራቱን ጎማ ከሳሪሱ ልጅ በላይ ደረደረው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ሁለቴ የመቀየሪያውን፣ የዓመቱን ኪራይና የፕላስተሩን ደምሮ ወደ እኔ ዞረ።